በድልድዩ ምሰሶ ላይ የታሰረው ቢጫ ሻሽ

እጄን ከታጠብሁ በኋላ በጨርቅ አልጠርግም። የጋበዙኝ ሰዎች ፎጣ ይዘው አጠገቤ ይቆማሉ፤ እኔ ግን ሁለቱን እጆቼን ከፍ አድርጌ አየር እስኪያደርቃቸው እጠብቃለሁ። አንዳንዱ የሃይማኖት ሥርዓት ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ፎጣውን የተጸየፍሁበት መስሎት ይቀየማል፤ ወደ እውነቱ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ምክንያቱን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ለማንም አልመለስሁም። ዛሬ የምጽፈው ዕድሜዬ ስለ ገፋና ከእኔ በኋላ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ስለማይኖር ነው።

በዚያን ጊዜ መካ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት የዐረብኛ መጻሕፍት አራሚ ነበርሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ሄጄ በዚያው ቀርቼ ነበር። ከእንጀራ ሥራዬ ሌላ አንድ የግል ጉዳይ ነበረኝ። የሕንፃ ክፍሎች በግዕዝ፣ በአማርኛና በዐረብኛ የሚጠሩባቸውን ቃላት እሰበስብ ነበር። ከሁሉ ያስቸገረኝ ድልድይን ከሥር የሚሸከመው ነገር ነው። ዐምድ እንዳልለው ዐምድ ከተራ ሰው አፍ የራቀ የመጽሐፍ ቃል ሆነብኝ። ተራዳ የድንኳን ነው፤ ምሰሶ የጎጆ ነው፤ ቋሚ የግድግዳ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በአንዳንድ የፈረንጅ ቋንቋ ድልድይ የሚሸከመውና መርከብ እንዲጠጋበት ወደ ባሕር የሚዘረጋው መድረክ በአንድ ቃል ይጠራሉ ሲለኝ በመጀመሪያ አላመንሁትም። በኋላ ግን በወጣትነቴ ከምጽዋ በጀልባ ጅዳ ስገባ የወረድሁበት የእንጨት መድረክ ትዝ አለኝ። ከሥሩ ባሕር ውስጥ የቆሙ ግንዶች ነበሩ። ሁለቱም ሌላው ሰው ከዳር ወደ ዳር እንዲያልፍ ሲሉ ራሳቸው የትም የማይሄዱ ነገሮች ናቸው። ዝምድናቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

ወደ ድልድዩ ሥር የወሰደኝ ይህ የቃል ፍለጋ ነው።

እነዚያ ዓመታት የአገራችን ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ሳዑዲ እንደ ጎርፍ የፈሰሱባቸው ነበሩ። ከማዳሟ ቤት የጠፋች፣ ዋስ የሆናት አሠሪ፣ ከፊሏ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ኢቃማዋን የነጠቃት፣ በሕመም የተባረረች፣ ወደ አገሯ መመለስ ስትፈልግ የምታውቀው መንገድ አንድ ነበር። ጅዳ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ድልድይ ሥር ሄዳ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን የመንግሥት አውቶቡስ ይመጣና የቻለውን ያህል ጭኖ ወደ ማቆያ ይወስዳል፤ ከዚያ አሻራ፣ ከዚያ አውሮፕላን። ሌላው ዓለም ከፖሊስ ይሸሻል፤ እዚያ ግን ሰው የሚይዘው ፖሊስ አጥቶ ይጨነቅ ነበር።

ድልድዩ በወፋፍራም የሲሚንቶ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ የአንድ አገር ሰዎች መኖሪያ ሆኗል። የኢንዶኔዥያ ሴቶች አንዱን ይዘዋል፤ የቻድ ሰዎች ሌላውን። የእኛዎቹ ከመንገዱ ዳር ያለውን ያዙ። ጠዋትና ማታ ፀሐይ በጎን ስትገባ ሁሉም ከምሰሶው ጥላ ጋር አብሮ ይዞራል። ሽታውን ግን እንዴት ብዬ ልግለጸው? ሽንት፣ የበሰበሰ ሩዝ፣ የሕፃን ጨርቅ፣ በላብ የደረቀ ዐባያ፣ በዚያ ላይ የመኪና ጭስ። በሙቀቱ ላይ ሲጨመር ሽታው ምላስ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሆነ። በዚያ መካከል ቆሜ የፈለግሁትን ቃል አገኘሁ። ከጎንደርም ትምጣ ከአርሲ፣ ሁሉም «ምሰሶ» ይሉታል። «ምሰሶው ጋ ነኝ» ትላለች አንዷ በስልክ። ቤት ስለሌላቸው የቤት ቃል ሰጡት ብዬ ጻፍሁ።

ወደዚያ ያመጣኝ ወዳጄ ሐጂ በድሩ ነው። አያቱ ከወሎ መጥተው መካ ውስጥ ነካሳ ተራራ ላይ የሰፈሩ፣ እርሱም እዚያው ተወልዶ በሽቶ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። በየሳምንቱ ለእኛዎቹ ዳቦና ውኃ በመኪናው ያመጣል። ስለ ደግነቱ መካም ጅዳም ያወራል። ለእኔም ባዕድ አገር ውስጥ እንደ ወንድም የማየው ሰው ነበር።

«ያ ባናት፣ ተሰለፉ! ኹብዙ ለሁሉም ይበቃል፣ ኢንሻአላህ!» ይላል ከመኪናው ሲወርድ።

«ሐጂ፣ ዛሬም ደረቅ ዳቦ ነው? ቅቤውን ነካሳ ረሱት?» አለች እትዬ ሙሉ። የምሰሶው ሴቶች አለቃ እሷ ናት፤ ማንም አልሾማትም፤ ምላሷ ሾማት።

«ቅቤውንማ አንቺ ጨረስሽው! እንዲህ የወፈርሽው በምን ሆነና?»

«ይህ ውፍረት አይደለም ሐጂ፣ እብጠት ነው። ብዙ ካዩኝ ይፈነዳል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

አንዲት ቀጭን ልጅ አጠገቤ መጥታ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። የሺ ትባላለች፤ የጎንደር ልጅ ናት። በፓስፖርቷ ግን ሰሚራ ነበረች። በዚያን ጊዜ ብዙ ክርስቲያን ሴቶች ቪዛው ቶሎ እንዲያልቅላቸው ደላላ የሙስሊም ስም አውጥቶላቸው ነበር የሚመጡት። የምሰሶውን ሥርዓት ያስረዳችኝ እሷ ናት።

በምሰሶው ጎን የጭነት መኪና ገጭቶት ሲሚንቶው ተፈንክቷል። በዚያ በኩል አንድ የአርማታ ብረት ወጥቶ ወደ ላይ ቀንቷል። በዚያ ብረት ላይ እያንዳንዷ ሴት ሻሿን ታስራለች፤ ቀድማ የመጣች ከላይ፣ ዘግይታ የመጣች ከሥር። አውቶቡሱ ሲመጣ እትዬ ሙሉ ከላይ ጀምራ ትጠራለች፤ የተጠራችው ሻሿን በእጇ ፈትታ ትሳፈራለች። የሌላዋን ሻሽ መፍታት ከስርቆት የከፋ ነውር ነው። ሻሿ የጠፋባት ደግሞ ወደ መጨረሻ ትወርዳለች። በዚህ ላይ ምሕረት የለም። «ከላይ ነበርሁ» ያለችው ሁሉ ብትታመን ሁሉም ከላይ ይሆናሉ።

«ኡስታዝ፣ የእኔን ያዩታል?» አለችኝ በጣቷ እያሳየች። «ከላይ ሁለተኛው፣ ቢጫው። ጫፉን ካውያ የላሰው።»

«ማን አቃጠለው?»

«ራሴ። የማዳሟን ልጅ የሠርግ ልብስ ስተኩስ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ልብሱ ዳነ፣ ሻሼ ተቃጠለ። ልብሱ ቢሆን ኖሮ የምትተኩሰው እኔን ነበር።»

«ለመሄድ ቸኩለሻል?»

ፊቷ ተለወጠ። «ልጄ በስልክ አክስቴ ትለኛለች። እናቴ፣ ‘እናትሽ ናት’ ስትላት ‘እናቴማ አንቺ ነሽ’ ትላታለች። ዘንድሮ ካልደረስሁ ኸላስ፣ አክስት ሆኜ መቅረቴ ነው። በሚቀጥለው አውቶቡስ ግን እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ ነኛ!»

ሐጂ በድሩ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ትሄጃለሽ» አላት በርኅራኄ ድምፅ።

ከዚያ ዳቦው ወረደ። ዓይን ሁሉ ወደ ካርቶኑ ዞረ፤ የእኔም ጭምር። ቀና ስል ሐጂ ምሰሶውን ተደግፎ፣ አንድ እጁን ብረቱ ላይ አሳርፎ፣ የሚሻሙትን ሴቶች እያየ ፈገግ ብሏል። ደግነት መልክ ቢኖረው ይህን ይመስል ነበር ብዬ አሰብሁ።

ያን ሌሊት ኑዝላ በሚባል የጅዳ ሰፈር ሱቅ ካለው ዘመዴ ዘንድ አደርሁ። ከሐጂ ጋር ወደ መካ ለመመለስ የተቃጠርነው በማግሥቱ ምሰሶው ጋ ነበር። ጠዋት ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። የእኛ ሴቶች ከኢንዶኔዥያዎቹ ጋር ፀጉር ሊነጫጩ ደርሰዋል።

«ነፋስ ነው ይሉናል!» ትላለች አንዷ። «የምን ነፋስ? ዝንብ የማያባርር ነፋስ ሻሽ ይፈታል? እነዚህ ናቸው! ባለፈውም የዚያችን ልጅ፣ የዘምዘምን ሻሽ የወሰዱት እነሱ ናቸው!»

የሺ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ብረቱን አየሁ። ቢጫው ሻሽ የለም።

«እትዬ ሙሉ፣ ሁላችሁም ተራዋን ታውቃላችሁ፤ ለምን በዚያው በተራዋ አትሳፈርም?» አልሁ።

«አውቃለሁ ኡስታዝ» አለችኝ ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ። «የዘምዘምንም አውቅ ነበር። እሷን ወደ መጨረሻ አውርጄ ይቺን እዚያው ብተዋት ነገ ማን ይሰማኛል? ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ቆመን የምናድር ነን እንዴ?»

በዚህ መካከል የሐጂ በድሩ መኪና ደረሰ። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሱብሐነላህ! ለአንድ ጨርቅ ነው ይህ ሁሉ?» ከዚያ ወደ የሺ ጎንበስ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ። «ስሚኝ ልጄ። መካ ጥሩ ቤት አለ። አንዲት አሮጊት ማየት ብቻ ነው ሥራው። ጥቂት ወር ሠርተሽ፣ ቲኬትሽን ራሳቸው ቆርጠው ይልኩሻል። እዚህ ቆሻሻ ውስጥ ከምትበሰብሺ!»

«መካማ ክርስቲያን አይገባም፣ ሐጂ።»

«በወረቀትሽ ሰሚራ አይደለሽ? ሰሚራ መካ ብትገባ ማን ይገርመዋል?»

የሺ ወደ ብረቱ፣ ከዚያ በሻሾቹ መጨረሻ ወዳለው ባዶ ቦታ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ልሂድ?»

ተጠንቅቆ መናገር ልማዴ ነው። ሂጂም ቅሪም አላልሁም። «አብሬሽ እሄዳለሁ። ቤቱን አያለሁ። ደስ ካላለኝ ራሴ መልሼ አመጣሻለሁ» አልኋት።

ሐጂ ሳቀ። «ያላ፣ ዋስም አገኘሽ!»

ዐባያ ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። ባሕራ ስንደርስ ሐጂ ራበኝ አለ። ባሕራ በጅዳና በመካ መካከል፣ ሙስሊም ያልሆነውን ከሚመልሰው ኬላ ወዲህ ያለች የሱቅና የጋራዥ ከተማ ናት። ከኬላው ካለፈች በኋላ የሺን ማንም የሺ ብሎ እንደማይጠራት አሰብሁ። እሷ ሩዟን በሳህን ይዛ መኪናው ውስጥ ቀረች፤ እኛ ምግብ ቤቱ ገብተን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። የበግ ሥጋ በሩዝ ቀረበ። ሐጂ ሲበላ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው በስብ ያብለጨልጩ ነበር። አጥንቱን ይመጥጣል፣ ያወራል፣ ይመጥጣል። ጠግቦ ሲያበቃ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ፈለገ፤ ከአጠገቡ አልነበረም። እጁን ወደ ጀለቢያው ኪስ ሰደደና ጨርቅ አወጣ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ አፉን፣ ከዚያ ጢሙን ጠረገበት።

ጨርቁ ቢጫ ነበር። ጫፉ በካውያ ተቃጥሏል።

እጄን ከሳህኑ አነሣሁ።

«ምን ሆንህ? ብላ እንጂ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል» አለኝ።

«በድሩ፣ ይህ ጨርቅ የማን ነው?»

«የቱ?» ብሎ እጁን ተመለከተ። ለአፍታ እውነትም አላወቀውም። ከዚያ ሳቀ። «ወላሂ ረስቼው ነው!»

የሐሰት መሐላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ረስቶታል። የአንዲት እናት ተራ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ረስቶ ጢሙን ጠርጎበታል።

«አንተ ነህ የፈታኸው።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። እስቲ አስብ፤ ብትሄድ ምን ይጠብቃታል? ባዶ እጇን ገብታ የሰው መሳቂያ ልትሆን? እኔ የምሠራው ኸይር፣ በጎ ሥራ ነው። ቤቱ ያስፈልገዋል፣ እሷም እንጀራ ያስፈልጋታል። እኔ የማገናኛቸው ሰበብ ነኝ።»

«በምሰሶው ላይ ሥራ የሚፈልጉ ሌሎች ሴቶች አሉ። ለምን እሷን?»

ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ መለሰልኝ። «ሰዎቹ ከቤት የማትወጣ፣ ዘመድም የማይጠይቃት ፈልገዋል። ይቺ እምነቷ ከታወቀ ትታሰራለችና ከበር አትወጣም። ሌሎቹ ይሸሻሉ።»

«የዘምዘምንስ ሻሽ?»

«እሷ ጣኢፍ ከተማ ሰው ቤት ነች፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ሌሎችም አሉ?»

«አልቈጠርሁም» አለ፤ ሻሹንም አጣጥፎ ሳህኑ ዳር አስቀመጠው። የሩዝ ፍሬ ተጣብቆበት ነበር።

ስንት ሳምንት ዳቦ እንዳመጣ አሰብሁ። ነፋስ ስለ ተባለው፣ ስለ ተረገሙት ኢንዶኔዥያዎች፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ስለ ተነሣው ጠብ አሰብሁ። ሻሹን አነሣሁት። ሞቅ ያለ ነበር፤ የሥጋው ስብና የሄሉ ሽታ ጣቴ ላይ ቀረ። ተነሥቼ ወጣሁ።

የሺ ከመኪናው ውስጥ አየችኝ፤ ከዚያ እጄን አየች። የጎረሰችው ሩዝ ጉንጯ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«ነፋስ አይደለም እንዴ የወሰደው?» አለች።

«አይደለም።»

በሩን ከፍታ አፏ ውስጥ ያለውን መሬት ላይ ተፋችው። ሳህኑን እንዳይፈስስ ተጠንቅቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ወረደች።

ሐጂ በሩ ላይ ደርሶ ይጣራ ነበር። «ያ ኡስታዝ! ያለ ኢቃማ መንገድ ላይ ይዘሃት ብትገኝ አንተም ትታሰራለህ!»

«እኔን የሚይዘኝ ፖሊስ ካለማ ይምጣ!» አለችው የሺ። ጠዋት ከሐጂ ጋር የተነጋገረችበት ድምፅ አልነበረም። «እሱን ስጠብቅ አይደል የከረምሁት?»

ጅዳ የሚሄድ የፓኪስታናዊ ፒካፕ ቆመልን። ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም። ሻሹን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር፤ ሙቀቱ ስቡን እያቀለጠ ልብሴን አረጠበው።

ምሰሶው ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ከበቡን። ሻሹን ለእትዬ ሙሉ ሰጠሁና የሆነውን በሙሉ ነገርኋቸው። እትዬ ሙሉ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ፊቷን አጨፈገገች።

«ሥጋ ይሸታል። እኛን ደረቅ ዳቦ እያበላ!» አለች።

አንዲት ወጣት «ሥርዓቱስ? የጠፋባት ወደ መጨረሻ ትወርዳለች አላላችሁም?» ብላ ጠየቀች።

«የጠፋባት ነው ያልነው» አለቻት እትዬ ሙሉ። «ይህ አልጠፋም፤ የሰው ኪስ ውስጥ ነበር።» ከላይ ሁለተኛው ቦታ ላይ አሰረችው። ከዚያ ሳትጠየቅ ወደ ኢንዶኔዥያዎቹ ምሰሶ ሄደች። ቋንቋ አልነበራትም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እስከ መሬት ጎንበስ አለች። ያልጠበቅሁት ይህን ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አውቶቡሱ መጣ። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ የሺ እስክትሳፈር መካ አልሄድሁም። እትዬ ሙሉ የመጀመሪያዋን ጠራች፤ ፈትታ ሄደች። ቀጥላ «ቢጫ!» አለች። የሺ ወደ ብረቱ እጇን ዘረጋች፤ ሻሹን ሳትነካው መለሰችው።

«ይቅርብኝ» አለች። «ልጄን በእሱ ማቀፍ አልፈልግም።»

ባዶ ራሷን፣ ፀጉሯን በእጇ ይዛ ተሳፈረች። በመስኮቱ «ኡስታዝ፣ ሰላም ይሁኑ!» አለችኝ። ይህን ያህል ነው የተነጋገርነው።

ሐጂ በድሩ በሳምንቱ እንደ ልማዱ ዳቦ ይዞ መጣ። ነገሩ የተረሳ መስሎት ነበር፤ የማይረሳ ነገር ስላልነበረው። ምሰሶውን ሊደገፍ ሲል እትዬ ሙሉ ወደ ቢጫው ሻሽ ጠቁማ «ሐጂ፣ እጅዎን ይጥረጉበት እንጂ» አለችው። ሴቶቹ ተቀባበሉት፤ «ጢምዎንም!» «አፍዎንም!» ከዚያ በኋላ አልመጣም። ዳቦውም አብሮ ቀረ። ይህን አልደብቃችሁም፤ ብዙ ቀን ጾማቸውን አደሩ፤ ሌላ ደግ ሰው አልተተካም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ገጠመኝ ምን ተማርህ ብትሉኝ ብዙ የምላችሁ የለኝም። ከበድሩ ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ አልተነጋገርንም። መካ ውስጥ እርሱን የሚያመሰግን ሰው በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ እወጣ ነበር፤ ሰዎች ቅናት አሉት። እርኩስ ሰው ክፋቱን እያወቀ ሲሠራ እፈራዋለሁ። ሠርቶት የሚረሳውን ግን እጸየፋለሁ፤ እስከ ዛሬም ያ የመጸየፍ ስሜት ከጣቴ አልለቀቀም። ልጆቻችሁን ወደ ሰው አገር የምትልኩ ሁሉ ክፉውን ሰው በፊቱ እንዲያውቁት ትመክሯቸዋላችሁ። ዳቦ ሲወርድ ዓይናቸውን ከካርቶኑ ላይ አንሥተው የአዳዩን እጅ እንዲያዩ ግን ማን ይመክራቸዋል?

አገሩን ለቅቄ ከመውጣቴ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ድልድዩ ሄጄ ነበር። እትዬ ሙሉም፣ የማውቃቸው ሴቶችም የሉም፤ ሁሉም አዲስ ፊት ነው። ቢጫው ሻሽ በፀሐይ ነጥቶ፣ ተቀድዶ፣ አሁንም ብረቱ ላይ ነበር። ከእሱ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሌሎቹ ሻሾች ሁሉ ከሥሩ ታስረዋል። የማን እንደ ሆነ አንዷን ጠየቅኋት።

«አናውቃትም» አለችኝ። «እኛ ስንመጣም ነበር። ከእሷ በላይ አይታሰርም ብለውናል።»

ቃል መሰብሰቢያ ወረቀቴ በእጄ ነበር። ምንም አልጻፍሁበትም።